የልብ ምት ሲዘገይ፦ ቁጥሩ ብቻውን የማይነግረን

የእጅ ሰዓት የልብ ምትን በሚቆጥርበት በዚህ ዘመን፣ «በደቂቃ 45» የሚል ቁጥር አይቶ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት አይደለም። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ከ60 በታች መሆን ግን በራሱ በሽታ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ደም የሚረጭ ልብ 70 ጊዜ ቢመታ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ያደርሳል። የረጅም ርቀት ሯጭ ልብ በሥልጠና ሰፍቶ 120 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ከሆነ 40 ምት ይበቃዋል። የሚረጨው መጠን ሳይጨምር ምቱ ብቻ ወደ 40 ሲወርድ ግን ሰውነት የሚያገኘው 2.8 ሊትር ነው። ድካሙም ከዚህ ይመነጫል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ደረጃ ሲወጡ ምቱ አለመፍጠኑ ነው። በልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል ያለው የተፈጥሮ ምት አመንጪ በዕድሜ ሲዳከም፣ ወይም የኤሌክትሪክ መልእክቱ መንገድ ላይ ሲቋረጥ ይህ ይከሰታል። የታይሮይድ ዕጢ መዳከምና እንደ ቤታ ብሎከር ያሉ መድኃኒቶችም ምትን ያዘገያሉ፤ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

የአንድ አፍታ የኢሲጂ ምርመራ ችግሩን ሊስተው ስለሚችል፣ ሐኪሞች ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚታሰር መመዝገቢያ ያዛሉ። ታካሚው የደከመበትን ሰዓት መጻፉ እዚህ ላይ ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ ድካሙና የምቱ መውረድ መገጣጠማቸው የሚታወቀው በዚህ ነውና።

መንስኤው የማይወገድ ሲሆን ፔስሜከር ከቆዳ ሥር ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ለአርነ ላርሰን የተተከለው የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ላርሰን መሣሪያውን ከ20 ጊዜ በላይ እያስለወጠ እስከ 2001 ኖሯል፤ ከፈልሳፊው መሐንዲስም፣ ከቀዶ ሐኪሙም በኋላ።