ዲስኩ ረክሷል፣ ካሴቱ ግን እያረጀ ነው

አትላንታ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ብትገቡ አንድ የማይከፈት ካርቶን ታገኛላችሁ። በውስጡ የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ካሴቶች አሉ። አንዳንዱ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ፣ ሌላው እዚሁ ክላርክስተን ወይም ዲኬተር የተቀረጸ ነው። «አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተር እናስገባዋለን» እያልን ዓመታት አልፈዋል። ድሮ የማስቀመጫው ዋጋ በቂ ምክንያት ነበር፤ ዛሬ ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጓዳና ገበታ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲና ፍላሽ ጓዳ ናቸው፤ ያስቀመጥንባቸው ነገር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይቆያል። ራም ደግሞ ገበታ ነው። ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ብቻ ከጓዳ አውጥቶ ያቀርብበታል፤ ሲጠፋ ገበታው ይነሳል። ገበታው ከጠበበ ኮምፒውተሩ ወደ ጓዳ ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ብዙ ፕሮግራም ሲከፈት የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ራም፣ «ቦታ የለም» የሚል ኮምፒውተር ግን ዲስክ ያስፈልገዋል።

ዋጋው ምን ያህል ወረደ?

አይቢኤም በ1956 ያወጣው ራማክ የተባለው የዲስክ ማከማቻ አንድ ቶን ገደማ ይመዝን ነበር፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። በ1980 ሲጌት ያወጣው 5 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ 1,500 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ ለአንድ ሜጋባይት 300 ዶላር መሆኑ ነው። በ2000 ገደማ አንድ ጊጋባይት 10 ዶላር አካባቢ ደረሰ። አሁን በትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ላይ ጥቂት ሳንቲም ነው።

በካሴት እናስላው። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ቪዲዮ ጥራቱ ሳይቀነስ 13 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በ2000 ማስቀመጫው ብቻ 130 ዶላር ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዶላር አይሞላም። የ20 ሰዓት ቪዲዮ 260 ጊጋባይት ነው፤ ከአንድ ቴራባይት ዲስክ ሩብ ያህሉን ብቻ ይይዛል።

ለምን ረከሰ?

የፋብሪካው ወጪ ስለቀነሰ አይደለም፤ በአንድ ስፋት ላይ የሚሰፍረው መረጃ ስለበዛ ነው። ቦሌ ላይ መሬት ሲጠብ ፎቅ እንደሚጨመረው፣ የፍላሽ አምራቾችም ወደ ላይ መሥራት ጀመሩ። ሳምሰንግ በ2013 ባለ 24 ንብርብር ፍላሽ ለገበያ ማምረት ጀመረ፤ ዛሬ ከ200 ንብርብር በላይ ያላቸው አሉ።

ዋጋው ግን ሁልጊዜ ቁልቁል አይሄድም። በ2011 ታይላንድን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ብዙ የዲስክ ፋብሪካዎች ቆመው በዓለም ዙሪያ የሃርድ ዲስክ ዋጋ ናረ። በ2023 ከ50 ዶላር በታች ይገኝ የነበረው 16 ጊጋባይት ራምም፣ በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ምርቱን ሲሻሙ በእጅጉ ተወደደ። የራም ገበያ በዋናነት በሦስት ኩባንያዎች፣ በሳምሰንግ፣ በኤስኬ ሃይኒክስና በማይክሮን እጅ ስለሆነ፣ የእነሱ ውሳኔ ቶሎ እኛ ጋ ይደርሳል። «ይረክሳል» ብሎ መጠበቅ ሁልጊዜ አያዋጣም።

ስትገዙ

ራም ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ዓይነት አጣሩ። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይተካኩም፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ የተበየደ ስለሆነ ጭራሽ አይቀየርም። አንድ ቴራባይት ዲስክ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ቢላችሁ አልተታለላችሁም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ባለ 2 ቴራባይት ፍላሽ በ15 ዶላር ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ፍላሽ የሌለውን ቦታ «አለኝ» ይላል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የቀድሞውን ፋይል ያጠፋል። ለአገር ቤት ስጦታ ከመላካችሁ በፊት በነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት።

ለቤተሰብ ቪዲዮ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ይሰበራል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ካለ እንደሌለ ቁጠሩት። ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ከሌላው ቤት፣ ቢቻል አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

ይህ ለእኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በሚኒሶታ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት እዚያው ሆነው ካታሎጋቸውን አዘጋጅተዋል። ያኔ ቅጂ ማስቀመጥ የተቋም አቅም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ የአንድ ተማሪ የኪስ ገንዘብ ይበቃል።

የቀረው ጊዜው ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ፉናይ በ2016 ማምረቱን አቁሟል፤ ያሉት ማጫወቻዎች እያረጁ፣ ቴፑም እየደከመ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቁት አባቶችና እናቶችም አብረውን ሁልጊዜ አይኖሩም። ለታንክስጊቪንግ ወደ ቤት ስትሄዱ ካርቶኑን አውርዱ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ይሄ ማን ነው?» እያላችሁ ስሙን ጻፉ።