የዳርት ማሽን በግሮሰሪ፤ ሂሳቡ ከምኑ ላይ ነው?

በጎተራ ማሳለጫ ግራና ቀኝ ባሉት ግሮሰሪዎችና ድራፍት ቤቶች የጨዋታ ነገር ከተነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ፑል ነው፤ ጆተኒም ገበያውን አላጣም። ሁለቱም የሚተዳደሩት ተጫዋቹ በሚያውቀው ሕግ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ለነጋዴው የሚቀርበው ጥያቄ ታዲያ፣ ኤሌክትሮኒክ የዳርት ማሽን አስመጥቶ በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ቢያስቀምጥ ያዋጣዋል ወይ የሚል ነው።

ማሽኑ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ የፕላስቲክ ሰሌዳ የተገጠመለት ነው። የሚወረወረው ዳርት ጫፉ ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ በመሆኑ ሰው የመጉዳት አደጋው አነስተኛ ነው። ዳርቱ ሲያርፍ ማሽኑ ነጥቡን ራሱ ይቆጥራል፤ ከ301 ወይም ከ501 እየቀነሰ ዜሮ ላይ ቀድሞ የደረሰውን ያሳውቃል። ሁለት ብርጭቆ ከተጠጣ በኋላ በነጥብ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ማስቀረቱ ብቻውን ለባለቤቱ ዋጋ አለው።

ዋናው ጥቅም ግን ቦታ ቆጣቢነቱ ነው። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። የማሽኑ ውፍረትና የመቆሚያው ቦታ ሲጨመር 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ፑል ከነዱላው መወርወሪያ 20 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይሁንና 6 ካሬ ሜትርም በነጻ አይገኝም፤ ሁለት ጠረጴዛ ከነወንበሩ ይነሳል። የምጣኔ ሀብት ተማሪ አማራጭ ዋጋ የሚለው ይህንኑ ነው። በሁለቱ ጠረጴዛዎች ይሸጥ የነበረው ቢራ ትርፍ ከማሽኑ ድርሻ ላይ መቀነስ አለበት።

በዚህ ሥራ የተለመደው አሠራር አስመጪው ማሽኑን በራሱ ወጪ አስቀምጦ ገቢውን ከቤቱ ባለቤት ጋር እኩል መካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ማሽኑ ጎተራ እስኪደርስ ብር 300 ሺህ ፈጀ እንበል። አንድ ሰው ለአንድ ጨዋታ ብር 20 ይከፍላል። ሁለት ሰዎች አንዱን ጨዋታ በ12 ደቂቃ ቢጨርሱ በሰዓት 5 ጨዋታ፣ ከምሽቱ 11 እስከ 5 ሰዓት 30 ጨዋታ ይሆናል። ይህ 60 ክፍያ ማለት ነው። ማሽኑ ለአፍታ እንኳ ባይቆም ከዚህ በላይ አያስገባም። በወር 26 ቀን ሲሰላ ብር 31,200፤ የአስመጪው እኩሌታ 15,600 ነው። ለመለዋወጫና ለሠራተኛ ብር 1,600 ሲቀነስ 14,000 ይቀራል። ገንዘቡ የሚመለሰው በ21 ወር ከምናምን ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው ይቆማሉ። በቀን 20 ክፍያ ብቻ ቢገኝስ? የወሩ ቀሪ ብር 3,600 ይሆንና መመለሻው ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ምንም የለም።

ሌላው እንቅፋት ሳንቲሙ ነው። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ሳንቲሙ ዋጋ ላለው አገር ነው። በእኛ ትልቁ ሳንቲም አንድ ብር ነው፤ 20 ሳንቲም እየቆጠረ የሚያስገባ ተጫዋች አይገኝም። መፍትሔው ከባንኮኒው የሚገዛ ቶክን ነው። (ጣሊያኖች ቶክኑን ጄቶኒ ይሉታል፤ የእኛ ጆተኒም ስሙን ከዚያው ያገኘ ይመስላል።) ቶክን ዋጋ ለመጨመርም ያመቻል፤ ማሽኑን ሳይነኩ የቶክኑን ዋጋ ብቻ መቀየር ይቻላል። ጉዳቱ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚገባው በባለቤቱ መሳቢያ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ መመሥረት ያለበት በባንኮኒው ደብተር ላይ ሳይሆን ማሽኑ ውስጥ ባለው ቆጣሪ ላይ ነው። ቁልፉም ከአስመጪው እጅ መውጣት የለበትም።

ዋጋ መጨመር ደግሞ አይቀርም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ ብር 57 ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። በ2,000 ዶላር የሚገዛ ማሽን ከ114 ሺህ ወደ 200 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ። በብር ገንዘቡን የመለሰ ነጋዴ፣ ማሽኑ ሲያረጅ ተመሳሳዩን ለመግዛት ሌላ ገንዘብ ሊፈልግ ይችላል።

ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በሳንቲም ወይም በቶክን የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን በዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ በ9504.30 ሥር ይመደባል፤ ያለ ማሽን የሚመጣ ተራ የዳርት ሰሌዳ ግን በ9504.90 ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰነድ ዕቃውን መጋዘን ያስቀምጠዋል፤ የመጋዘን ኪራይ ደግሞ ከላይ በተሠራው ሂሳብ ውስጥ የለም።

ከቤቱ ባለቤት ጋር በሚፈረመው ውል ላይ አንድ አንቀጽ መግባት ይኖርበታል፤ ተጫዋቾች በማሽኑ ላይ ገንዘብ አስይዘው እንዳይወራረዱ። ተሸናፊ የጨዋታውን ዋጋ ቢከፍል አንድ ነገር ነው። ብር ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ግን ጉዳዩ ወደ ቁማር ይዞራል፤ ፖሊስ ቤቱን ቢያሽግ ማሽኑም አብሮ ይታሸጋል።