ስምንተኛው ትእዛዝና ጥቃት የደረሰባቸው አትሌቶች ዜና

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሰዎች ወደ ጌታችን ቀርበው የደም ዜና ሲነግሩት እናነባለን። ጲላጦስ መሥዋዕት በማቅረብ ላይ የነበሩ የገሊላ ሰዎችን አስገድሏል። ዜናውን ያመጡት ሰዎች በልባቸው ምን እንዳሰቡ ወንጌላዊው አልጻፈልንም፤ የጌታችን መልስ ግን ይገልጠዋል። የተገደሉት ከሌላው የገሊላ ሰው የባሰ በደል ስለ ነበረባቸው ይሆናል የሚለውን ግምት ፈጽሞ አልተቀበለውም። የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎችም እንዲሁ ተናገረ፤ ሰሚዎቹንም ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው።

በዚህ እትም ይህን ክፍል መሠረት አድርገን የምንመለከተው ጥቃት ስለ ደረሰባቸው ስፖርተኞች የሚነገረውን ዜና ነው። ጉዳዩ የጋዜጠኞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዜናውን ከቅዳሴ በኋላ በአጥር ግቢ የሚያወራው፣ በቴሌግራም ለዘመዶቹ የሚያስተላልፈውና የራሱን ግምት የሚጨምርበት እያንዳንዳችን ነን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኬንያዊቷ ሯጭ አግነስ ቲሮፕ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለችም። በ2015 በቻይናዋ ጉይያንግ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ስታሸንፍ ሰንበሬ ተፈሪና ነፃነት ጉደታ ተከትለዋት ገብተዋል። በ2017 በለንደን በ10,000 ሜትር አልማዝ አያና ወርቁን፣ ጥሩነሽ ዲባባ ብሩን ሲወስዱ ነሐሱ የእርሷ ነበር። በ2019 በዶሃ በተደረገውም ውድድር ከለተሰንበት ግደይ ቀጥላ ሦስተኛ ወጥታለች። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 በጀርመን አገር ሴቶች ብቻ በተወዳደሩበት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ከአንድ ወር በኋላ ኦክቶበር 13 ቀን፣ ገና በ25 ዓመቷ፣ ኢተን በምትባለው የሯጮች ከተማ በሚገኘው ቤቷ በስለት ተወግታ ሞታ ተገኘች። ባለቤቷ በማግሥቱ ሞምባሳ ላይ ተይዞ በግድያ ተከሰሰ፤ እርሱም በፍርድ ቤት ክሱን ክዷል።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ የዩጋንዳዋ ማራቶን ሯጭ ርብቃ ቼፕቴጌ ዜና ተሰማ። በፓሪስ ኦሊምፒክ ከሮጠች ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 እሑድ፣ ከልጆቿ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ወዳጇ የነበረ ሰው ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት እንዳያያዛት የኬንያ ፖሊስ አስታወቀ። ከሰውነቷ 80 በመቶ ያህሉ ተቃጥሎ ኤልዶሬት በሚገኘው ሆስፒታል ሴፕቴምበር 5 ቀን በ33 ዓመቷ ዐረፈች። በጥቃቱ ተጠርጥሮ የነበረው ሰውም እሳቱ አግኝቶት ስለ ነበር ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ፤ ስለሆነም ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ውሳኔ ሊሰጥበት አልቻለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዙ ዜናዎች ጎልቶ የታየው ቃል «የመሬት ጠብ» የሚለው ነበር። ቤት የሠራችበት መሬት በመካከላቸው ክርክር ማስነሣቱ ከፖሊስ በኩል የተገኘ መረጃ ነውና መዘገቡ ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን «በመሬት ጠብ ምክንያት ተቃጠለች» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ሁለት እኩል ተጣዪዎችን ነው። አንዱ ቤንዚን ይዞ የመጣ፣ ሌላዋ ከጸሎት የምትመለስ መሆኗ ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይቀራል። አባቷም አስቀድመው ለፖሊስ አቤት ብለው እንደ ነበር ተናግረዋል። ይህ እውነት ከመሬቱ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነበር፤ ምክንያቱም ነገ ሌላዋን ሴት ሊያድን የሚችለው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ ልብ እንበል። በአማርኛ ዜና «በመካከላቸው በተፈጠረ አለመግባባት ሕይወቷ አለፈ» የሚል አነጋገር ተለምዷል። አለመግባባቱ «ተፈጠረ»፤ ማን እንደ ፈጠረው አይታወቅም። ሕይወቷም «አለፈ»፤ ማን እንዳሳለፈው አይነገርም። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም ሰው ምንም አላደረገም ማለት ነው። «ገደለ» የሚለው ግሥ እኮ ባለቤት ይፈልጋል፤ የምንሸሸውም ባለቤቱን ነው። በይሉኝታ ወይም በጨዋነት የምንጠቀምበት ይህ አነጋገር በተጎጂዋ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ጨዋ አይደለም። እግዚአብሔር ቃየልን ሲጠይቀው በወንድማማቾች መካከል ስለ ተፈጠረ አለመግባባት አልጠየቀውም፤ አቤልን በስሙ ጠርቶ የት እንዳለ ጠየቀው እንጂ (ዘፍ. 4፥9)።

በሌላ በኩል ደግሞ ግሡን ከባለቤቱ ጋር እናገናኝ ስንል ፍርድ ቤቱን እንቅደም ማለታችን አይደለም። ተከሳሽ ክሱን ክዶ በሚከራከርበት ጊዜ «ፖሊስ እንዳለው»፣ «በክሱ እንደ ተመለከተው» ማለት የቃላት ማስጌጫ ሳይሆን የስምንተኛው ትእዛዝ ግዴታ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 በቂ መሠረት ሳይኖር የባልንጀራን በደል እንደ እውነት አድርጎ መቀበልን፣ በልብ እንኳ ቢሆን፣ የችኮላ ፍርድ ይለዋል። ይህ የአንባቢውንም ልብ ይመለከታል።

ጉዳዩ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የነካበት ጊዜም አለ። በኤፕሪል 2022 በዚያችው በኢተን፣ ለባሕሬን ትሮጥ የነበረች ዳማሪስ ሙቱዋ የተባለች የኬንያ ተወላጅ ሞታ ተገኘች፤ ፖሊስ የሚፈልገው ተጠርጣሪም ኢትዮጵያዊ ሯጭ መሆኑ ተዘገበ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው የወገን ነገር ነው፤ «የእኛ ልጅ አያደርገውም» ብሎ የሟችን ስም ወደ መመርመር መዞር። ሁለተኛው ደግሞ ከወገን ሐፍረት የተነሣ ሳይፈረድበት መፍረድ። የመጀመሪያው ይበልጥ የሚያሰጋን ይመስለናል፤ ምክንያቱም ሟች ተነሥታ አትመልስም።

ካቴኪስቶች በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው ጥያቄ አለ፦ «ነገሩ እውነት ከሆነ መናገሩ ምን ኃጢአት አለው?» የሚል ነው። ቁጥር 2477 ለዚህም መልስ አለው። ሐሰት ተናግሮ ስም ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ በቂ ምክንያት ሳይኖር የሌላውን እውነተኛ ጉድለት ለማያውቁት ሰዎች መግለጥ ሌላ ነው፤ ሁለቱም በደል ናቸው። ሟች አትሌት ስንት ገንዘብ እንዳገኘች፣ ከማን ጋር ኖራ ከማን እንደ ተለየች፣ ለወላጆቿ ትታዘዝ እንደ ነበረና እንዳልነበረ የሚዘረዝር ዜና ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ጥቃቱን ለመረዳት ያስፈልጋል ወይ ነው። ገንዘቧን አጥቂው ተቆጣጥሮት ከነበረ ያስፈልጋል። የሰሚውን ምራቅ ለማስዋጥ ከሆነ ግን ሐሜት ነው።

ይህን ስንል ዝምታ ሁሉ ፍቅር ነው ማለታችን አይደለም። «የቤት ገመና ነው» ተብሎ የተሸፈነ ዱላ ብዙ እናቶችን ቀብሯል። የአግነስ የሩጫ ጓደኞች ከሞቷ በኋላ «የቲሮፕ መላእክት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ይህ እንዳይደገም ነው። በቁጥር 2494 እንደ ተጻፈው ኅብረተሰቡ በእውነት፣ በነጻነት፣ በፍትሕና በአንድነት ላይ የተመሠረተ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እንግዲህ ልዩነቱ በመናገርና በዝምታ መካከል ሳይሆን ስለ ማን በደል እንደምንናገር ነው።

የችኮላ ዜና ስለሚያመጣው ጉዳት የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ከባድ ምስክር ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን የእስራኤል ቡድን አባላት በታጣቂዎች ታገቱ። በዚያ ሌሊት በፉርስተንፌልድብሩክ አውሮፕላን ማረፊያ የማዳን ሙከራ ሲደረግ፣ ታጋቾቹ በሙሉ ነጻ ወጡ የሚል ወሬ በዓለም ላይ ተሠራጨ። የመንግሥት ቃል አቀባይ ሳይቀር ዘመቻው እንደ ተሳካ ተናገረ፤ በማለዳ የወጡ አንዳንድ ጋዜጦችም ይህንኑ አትመው ወጡ። እውነቱ ግን 11 ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ሞተው ነበር። ቤተሰቦቻቸው የሰሙት መጀመሪያ መዳናቸውን፣ ከዚያ ሞታቸውን ነው። ዜናውን ያወሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ሁሉም መልካም ነገር ለመስማት ጓጉቶ ነበር። መልካም ምኞትም ቢሆን ማረጋገጫን አይተካም።

የኮሎምቢያው እግር ኳስ ተጫዋች አንድሬስ ኤስኮባርም በ1994 የዓለም ዋንጫ በራሱ ግብ ላይ ኳስ ካስቆጠረ ከ10 ቀናት በኋላ ሜደሊን ውስጥ በጥይት ተገደለ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ስሕተቱ ከሞቱ ጋር ታስሮ ይነሣል፤ ሰውዬው ዕዳ ከፍሎ የሞተ እስኪመስል ድረስ።

ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ ለማወቅ የሚሻ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13ን ያንብብ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በሶስና ላይ መሰከሩ፤ ሕዝቡም ክብራቸውን አይቶ አመናቸው፤ እርሷም ወደ ሞት ተወሰደች። ወጣቱ ዳንኤል ያደረገው ነገር እጅግ ቀላል ነበር። ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ በ2018 ለማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት የሐሰተኛ ዜናን መነሻ በገነት ከነበረው ከእባቡ ቃል ጋር አያይዘው አስተምረዋል። ይህ ቀን ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር ስለሆነ በየቁምስናው ለሚከተለው ልምምድ የሚመች ጊዜ ነው።

ካቴኪስቱ «ታዋቂዋ አትሌት ከፍቅረኛዋ ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ሕይወቷ አለፈ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ወጣቶቹ በቡድን ሆነው ማን ምን እንዳደረገ፣ ይህን ማን እንደ ተናገረና ገና ያልታወቀው ምን እንደሆነ እየጠየቁ እንደ ገና ይጻፉት። «ታዋቂዋ» የሚለው ቃል ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም፤ ክርክሩን አታቋርጡት፤ ሜዳልያ የሌላት ሴት ስትገደል ለምን ዜና እንደማትሆን ወደ መጠየቅ ያደርሳቸዋልና። ከ12 ዓመት በታች ላሉት ግን የተቃጠለችውን እናት ታሪክ አታንሡባቸው። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ወንበዴዎች ያቆሰሉት መንገደኛ ይበቃቸዋል። ያ ሰው ለምን ወደ ኢያሪኮ ይወርድ እንደ ነበር፣ ለምን ብቻውን እንደ ሄደ፣ ምን ይዞ እንደ ነበር ወንጌሉ አንድ ቃል አይናገርም፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው ከምዕራፉ ፈልገው እንዲያጡት አድርጉ።