ብድር በምድር፦ የራስን ሠርግ በራስ አቅም ማቀድ



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሠርግ ነው። እኔ ገና 20 ዓመቴ ነው፣ የማግባት ሐሳብም የለኝም። ባለፈው ግንቦት ግን ታላቅ እህቴ አገባች፤ ዕቅዱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የማኅበራችን አባላት «በዚያች ገንዘብ እንዴት ቻላችሁ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እንዲጠቅም በትምህርት መልክ አዘጋጅቼዋለሁ። አማርኛዬን የተማርኩት ኪስታ፣ እናቴ ቤትና ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጠው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ክፍል ስለሆነ፣ ስሕተት ካገኛችሁ እለፉኝ።

የነርሲንግ ተማሪዎች ገና ስንጀምር የምንማረው አንድ አሠራር አለ። የነርሲንግ ሂደት ይባላል፣ አምስት ደረጃም አለው፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸም እና መገምገም። ሐሳቡ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካዊቷ ነርስ ከአይዳ ጂን ኦርላንዶ ሥራ ጋር ይያያዛል። እሷ ያስተማረችው በአጭሩ ይህን ነው፦ ታማሚው የሚያስፈልገውን አውቃለሁ ብለሽ አትነሺ፣ ጠይቂው። እኛም የእህቴን ሠርግ ያቀድነው በዚሁ መንገድ ነው።

1. መረጃ መሰብሰብ

እህቴ መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። ዝምተኛ ናት፤ መድረክ ላይ ተቀምጣ ሦስት መቶ ዓይን ሲያያት ማሰብ ብቻ ያስጨንቃታል። እጮኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሌሊት ይሠራል። ሁለቱ አንድ ላይ ያጠራቀሙት 45,000 ክሮነር ነበር።

እማዬ ደግሞ የእንግዳ ዝርዝር መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ 280 ሰው ሆነ።

ሒሳቡን እንየው። ለአንድ እንግዳ ምግብ፣ መጠጥና አዳራሽ ተደምሮ 450 ክሮነር ይፈጃል እንበል። 280 ሰው ማለት 126,000 ክሮነር ነው፤ 60 ሰው ማለት ግን 27,000 ነው። አበባውን ብትቀንሱ፣ ሊሞዚኑን ብትተዉ ጥቂት ሺህ ታተርፋላችሁ እንጂ ይህን ያህል ልዩነት አታመጡም። የሠርግን ወጪ ከምንም በላይ የሚወስነው የእንግዳው ቁጥር ነው። ስለዚህ ርካሽ ጌጥ ከመፈለጋችሁ በፊት ዝርዝሩን ጨርሱ።

አንድ ዘመዳችን «ምን ችግር አለ፣ የጎደለውን ባንክ ያበድራችኋል» አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በስዊድን የጋብቻ ሕግ እያንዳንዱ የትዳር ጓደኛ ለራሱ ዕዳ ራሱ ተጠያቂ ነው። ለሠርግ የተወሰደ ብድር የሚቀረው በፈረመው ሰው ስም ነው፤ ድግሱን የበላው ሁሉ አይከፍለውም። እንደኛ የተማሪ ብድር ያለበት ሰው ደግሞ በዕዳ ላይ ዕዳ ይጨምራል።

አንድ ማታ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ 60 ሰው ብቻ ብንጠራ ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ?»

መክተፏን ሳታቆም መለሰችልኝ። «አባታችሁ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ወጥና እንጀራ ተሸክሞ እዚህ ቤት የመጣው ማን ነው? 22 ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ በልቻለሁ። ብድር በምድር ነው ልጄ። ተራው የኔ ሲሆን በሬን ልዝጋ?»

እስከዚያች ማታ ድረስ እማዬ ለታይታ የምትጨነቅ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ጠይቄያትም አላውቅም ነበር።

2. ችግሩን መለየት

ያን ሌሊት ደብተሬ ላይ «ብድር» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ዘመዳችን ያለው ብድር በወለድ የሚከፈል ነው። እማዬ ያለችው ግን ውለታ ነው፤ እሱም መከፈል አለበት። ችግራችን ሁለቱን ማደባለቃችን ነበር፦ የእማዬን ውለታ በባንክ ብድር ለመክፈል፣ ያውም እህቴ በምትፈራው መድረክ ላይ።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች እንዳሉ ጻፍን። ሙሽሮቹ ጠባያቸውን የሚመስል፣ ጸጥ ያለ ቀን ይፈልጋሉ። እማዬ ደግሞ ደግ ለዋለላት ሰው ሁሉ በሯን መክፈት ትፈልጋለች። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ በአንድ ቀንና በአንድ አዳራሽ ይሁኑ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ባህሉንም ፈተሽን። ሽማግሌ መላክ፣ ምርቃት፣ ሚዜ፣ መልስ፣ ቅልቅል፦ የሥርዓቱ ዋና ዋና ነገሮች ገንዘብ ብዙም አይጠይቁም። ሕጉንም ብታዩ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። ከሦስቱ አንዱም የሆቴል አዳራሽ አይጠይቅም።

ይህን በዓይናችን ያየነው በኮሮና ጊዜ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ያገባችው ያኔ ነው፣ ሳሎን ውስጥ፣ የቤቱ ሰዎች ብቻ ባሉበት። እኛ ኪስታ ሆነን በስልክ ተከታተልን። አያቴ ሲመርቁ ሁላችንም «አሜን» አልን። ሠርጓ ትንሽ ነበር ብሎ ትዳሯን ያሳነሰባት ሰው የለም።

3. ማቀድ

ስዊድን ለምትኖሩ መታወቅ ያለባቸውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ሕጋዊው ክፍል። በመጀመሪያ ሁለታችሁ ስካተቬርኬት ለሚባለው የግብር መሥሪያ ቤት ታመለክታላችሁ። ለጋብቻው የሚከለክል ነገር አለመኖሩን አጣርቶ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል። አገልግሎቱ ነጻ ነው። ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለአራት ወር ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድማችሁ አታውጡት። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ፤ ሁለት ምስክሮችም ያስፈልጋሉ። የሲቪል ጋብቻ የሚያስፈጽም ሰው በአውራጃው አስተዳደር የተሾመ ከሆነና ከተስማማ፣ ሥርዓቱ በረንዳ ላይም ጫካ ውስጥም ሊሆን ይችላል። በቤተ እምነት የምታገቡ ከሆነ ደግሞ የሚያጋባችሁ አገልጋይ በስዊድን ሕግ የማጋባት ፈቃድ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሌለው መጀመሪያ በሲቪል ተጋቡና የሃይማኖቱን ሥርዓት አስከትሉ።

ቀን። በጋ ላይ ቅዳሜ ሁሉም የሚፈልገው ቀን ስለሆነ አዳራሽም ፎቶ አንሺም ይወደዳል። የሥራ ቀን ይረክሳል፤ ግን ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። መፍትሔው በራሳችን የቀን መቁጠሪያ ውስጥ አለ፦ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስዊድን የምታብበውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ በግንቦት አንድ ዓርብ ብትመርጡ ርካሽም ሥጋ የሚበላበትም ቀን ታገኛላችሁ።

ቦታ። ብዙ የመኖሪያ ቤት ማኅበራት ለነዋሪዎቻቸው በትንሽ ዋጋ የሚያከራዩት የጋራ ክፍል አላቸው። ጎረቤት ጠይቁ። ለኛ ቅርብ የሆነው የየርቫ ሜዳ ለሽርሽርና ለፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ሕዝብ በሚጠቀምበት ቦታ ድንኳን ለመትከል የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል። የስቶክሆልም ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርምና ጣሪያ ያለው ቦታም ያዙ።

ምግብ። ቤት ውስጥ ማብሰል ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ግን እንደ ነርስ ልቆጣችሁ። ትኩስ ወጥ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ከቀን በፊት ከተሠራ በትልቁ ድስት እንዳለ አታሳድሩት፤ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ቶሎ አቀዝቅዙና ፍሪጅ አስገቡት። በማግሥቱ እስኪፍለቀለቅ አሙቁት። ጥሬ ክትፎ ካለ ነፍሰ ጡሮች እንዳይበሉ ለብቻው የበሰለ አዘጋጁ። የድግስ ትዝታ የሆድ ሕመም እንዳይሆን።

ጠባያችሁን የሚመስል ነገር። «የተለየ ሠርግ» ሲባል ከኢንተርኔት ያየነውን ማስጌጫ መግዛት ይመስለናል፤ እሱም ወጪ ነው። እኛ ሙሽሮቹን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቅናቸው፦ በዚያ ቀን ምን ብታደርጉ ደስ ይላችኋል? ምን ቢቀርላችሁ እፎይ ትላላችሁ? እህቴ «መድረኩና የሙሽራ ወንበሩ ይቅርልኝ» አለች። እሱ «ዳቦውን እኔ ልጋግር» አለ። ሁለቱም መልሶች ወጪ ቀነሱልን።

4. መፈጸም

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሁለቱ ሚዜዎችና ከቅርብ ቤተሰብ ጋር ከኪስታ በ11 ቁጥር ባቡር ተሳፈርን። የምታውቀን ያልመሰለች አንዲት የፊንላንድ አሮጊት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላት። ቴ-ሴንትራለን ስንወርድ ፔር ኦሎፍ ኡልትቬት በ1975 በሰማያዊ ሐረግ ባስጌጠው ዋሻ ውስጥ ፎቶ ተነሣን፤ ለዚህ የከፈልነው የባቡር ትኬት ብቻ ነው። ከዚያ በእግራችን ወደ ስታድስሁሴት፣ በ1923 ወደተመረቀውና የኖቤል እራት ወደሚደረግበት የከተማው አዳራሽ ሄድን። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ኦቫለን በሚባለው ክፍል ነው። ሁለቱ ሚዜዎች ምስክሮችም ነበሩ። ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ አለቀ፤ እማዬ «ይኸው ነው?» አለች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ምሳው ኪስታ፣ በጎረቤታችን የቤት ማኅበር ክፍል ነበር፣ ለ60 ሰው። በኬክ ፈንታ ሙሽራው የጋገረው ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። እህቴ መድረክ ላይ አልተቀመጠችም፤ ከባሏ ጋር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጉርሻ ሰጡ። ስልሳ ጉርሻ ሰጥታለች፤ ከሁሉም ጋር አንድ ሁለት ቃል ተነጋግራለች። 280 ሰው ቢሆን ይህ አይቻልም ነበር።

እሑድ ደግሞ የእማዬ ቀን ሆነ። በዝርዝሯ ላይ የቀሩትን ሁሉ ለቡና ጠራቻቸው። ክፍሉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለማይዝ በሦስት ተራ ከፈልናቸው፤ ተራዎቹንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ አልናቸው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብርዝና ቡና ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ሰው «ያኔ ደርሰህልኛል»፣ «ያኔ ደርሰሽልኛል» እያለች ተቀበለች። ትልልቆቹ ሙሽሮቹን መረቁ።

ወጪያችን በክሮነር ይህ ነው፦

የክፍሉ ኪራይ፣ ሁለት ቀን፦ 4,000
የቅዳሜው ምሳ፦ 13,500
የሙሽራዋ ቀሚስና ጌጥ፦ 6,500
የሙሽራው ልብስ፣ ያገለገለ፦ 2,500
ቀለበቶች፦ 7,000
ፎቶ፣ ሦስት ሰዓት፦ 3,000
የእሑዱ ቡና፦ 2,500
ለድንገተኛ ነገር የተያዘ፦ 3,000
ድምር፦ 42,000

የድንገተኛውም አልቋል፤ ተጨማሪ ስኒና ወንበር አስፈልጎን ነበር። ያም ሆኖ ከ45,000 ውስጥ 3,000 ተርፎ ሙሽሮቹ ፍራሽ ገዙበት።

5. መገምገም

ሁሉ ነገር ተሳካ ብዬ አልዋሻችሁም። እሑድ ለበረካ ተራ ሲደርስ ዳቦው አለቀ፤ ሙሽራው ሱፉን አውልቆ ሊጋግር ሲል ሚዜው ያዘው። ምግብ አብስለው ያገዙንን ሴቶች ቅዳሜ ምሳ ላይ አስቀድመን ማስቀመጥ ሲገባን እስከ መጨረሻው አስቁመናቸዋል፤ ይህን ብደግመው አስተካክለዋለሁ። አንድ የአባቴ ወዳጅ ደግሞ «ለቡና ብቻ ነው የምጠራው?» ብለው ቀሩ። እማዬ ደወለችላቸው፣ እህቴም ዳቦ ይዛ ቤታቸው ሄደች። እስካሁን ልባቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሠርግ ትንሽ ሲሆን ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃችሁ ግቡበት፤ ከሠርጉ በፊት ራሳችሁ ሄዳችሁ ብታስረዱ ይሻላል። እኛ መልእክት ልከን ነበር፣ መልእክት ግን እግር አይሆንም።

በነርሲንግ ሂደት ግምገማ የሚደረገው መጀመሪያ ከተጻፈው ፍላጎት አንጻር ነው። እህቴ ጸጥ ያለ ቀን አገኘች። ወንበሯን የለቀቀችላትን አሮጊት እስካሁን ታነሣለች። እማዬስ? እሑድ ማታ ስኒ እያጠብን «እማዬ፣ ብድርሽን ከፈልሽ?» አልኳት።

«ይኼ አልቆ አያልቅም» አለችኝ። «ነገ ደግሞ የአንቺ ተራ ነው። ስኒዎቹን እንዳትሰብሪያቸው።»

ለማግባት ለምታስቡ ሁሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙና ከዋጋ በፊት እናታችሁን ጠይቁ። መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ!