ያልተዳመጠ ጥጥ በኩንታል ስንት ያወጣል?

የጥጥ ዋጋ በለጠፍኩ ቁጥር ከዩኒየኖች አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «ውጭ ይህን ያህል ከተሸጠ ለእኛ በኩንታል ለምን እንዲህ አነሰ?» ስለዚህ ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም፤ ስሌቱን አብረን እንስራው።

1. የኒውዮርክ ዋጋ የምን ዋጋ ነው?
የተዳመጠ ጥጥ ዋጋ ነው፤ ፍሬው ወጥቶ ለክር ፋብሪካ የተዘጋጀው። የሚነገረውም እንደ አረቢካ ቡና በፓውንድ፣ በአሜሪካ ሳንቲም ነው። ገበሬው የሚሸጠው ግን ፍሬው ያልወጣለትን ነው። ሁለቱን እኩል ማየት ጀንፈልን በቅሽር ቡና ዋጋ እንደመጠየቅ ነው።

2. ስሌቱ
አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ነው። ለምሳሌ 80 ሳንቲም እንበል (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለስሌት እንዲመቸን ነው)። 0.80 ለ0.4536 ሲካፈል ኪሎው 1.76 ዶላር ይመጣል።

▪️ አንድ ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ 38 ኪሎ የተዳመጠ ቢሰጥ፦ 67 ዶላር
▪️ 34 ኪሎ ብቻ ቢሰጥ፦ 60 ዶላር

ልዩነቱ በኩንታል 7 ዶላር ነው። 1,000 ኩንታል ለሰበሰበ ዩኒየን 7,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው፤ በጥጥ ካያችሁት 4,000 ኪሎ፣ ባለ 218 ኪሎው ቤል ከተቆጠረ 18 ቤል ይሆናል። ከዚህ ላይ የመዳመጫ፣ የትራንስፖርት፣ የባንክና የላኪው ትርፍ ይቀነሳል።

ስለዚህ «በኩንታል ስንት?» ከማለታችሁ በፊት «ከመቶ ኪሎ ስንት ይወጣል?» በሉ። ከተለያየ ከረጢት ናሙና አውጡ፣ አስዳምጡ፣ የወጣውን መዝኑ። ቅጠል፣ አፈርና ውሃ የበዛበት ጥጥ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ መዳመጫ ላይ ግን ይጎድላል። ክብደት ይጨምር ብሎ ውሃ የሚረጭ ሰው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ እርጥብ ጥጥ ተከምሮ ሲቆይ ይሞቃል፣ ይቢጫል፣ ደረጃው ይወርዳል።

3. ፍሬው የማን ነው?
ከኩንታሉ ከግማሽ በላይ የሚመዝነው ፍሬው ነው። ዘይት ይጨመቅበታል፣ ቀሪው ፋጉሎ ሆኖ ለከብት ይሸጣል። መዳመጫው በአገልግሎት ክፍያ ፋንታ ፍሬውን የሚያስቀር ከሆነ ይህ ገንዘብ ነውና አስሉት፤ ሳይነገር አይለፍ።

4. ማዳበሪያው
ጆንያውን ማለቴ ነው። ጥጥ በፕላስቲክ ማዳበሪያ ሲለቀም ወይም ሲታሰር የማዳበሪያው ክር ይቀላቀልበታል። ነጭ ስለሆነ ሲዳመጥም ሲፈተልም በዓይን አይለይም። ጨርቁ ቀለም ሲነከር ግን ፕላስቲኩ የጥጥ ቀለም አይዝምና መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ጨርቁ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል፣ ሸማኔ ፋብሪካው ክር ፋብሪካውን ካሳ ይጠይቃል፣ ክር ፋብሪካው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ከዚያ አካባቢ የመጣን ጥጥ ሁሉ በቅናሽ ካልሆነ አይነካም። ንጹህ የለቀመውም ገበሬ አብሮ ይቀጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ ለለቃሚው የአቡጀዲ ከረጢት፣ ለአፉ ማሰሪያም የጥጥ ገመድ። ዩኒየኑ አንድ ጊዜ ገዝቶ ለአባላቱ ቢያከፋፍል ዓመታት ያገለግላል።

እንግዲህ መተማም ሁኑ አርባ ምንጭ ወይም አዋሽ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስቱን ጠይቁ፦ ከመቶ ኪሎ ስንት ይወጣል? ፍሬው የማን ነው? በምን ታሰረ? መልሱን ያልያዘ ዩኒየን ነጋዴው የሰጠውን ዋጋ ከመቀበል ውጭ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

የናንተን ቁጥር ይዛችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናሰላለን። ለጥጥ አምራች ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉ።