ከጂንካ ሲወጡ ጥሪዎን ለማን ይተዋሉ?

ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ። የደቡብ ኦሞ ገበያ ቀን እየጠበቀ ይዞራል፤ አስጎብኚውም፣ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም አብሮ ይዞራል። ኔትወርክ ግን በየሄዱበት አይከተልም። ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል የወረደ ሰው የኔትወርኩ ምልክት እየሳሳ ሄዶ ድንገት ይጠፋበታል። በዚያው ሰዓት ደንበኛው ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ድምፅ ይሰማል። ደግሞ የሚሞክር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወደ ሌላ አስጎብኚ ይደውላል።

መላው ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ማዞር ነው፤ በተለምዶ ዳይቨርት የምንለው። ዳይቨርትና ብሎክ (የማይፈልጉትን ደዋይ መዝጋት) ስልኩ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋቸዋል። ዳይቨርት የሚመዘገበው በቴሌኮም ድርጅቱ በኩል ነው። ስለዚህ ባትሪዎ ቢያልቅም፣ ስልኩ ወንዝ ውስጥ ቢገባም ይሠራል። ብሎክ ግን እጅዎ ላይ ባለው ቀፎ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የቀረው አይከብደውም፦ ዳይቨርት ለማስገባት ኔትወርክ ስለሚያስፈልግ ነገሩ ጂንካ ላይ ሳሉ ያልቃል፤ ማጎ ከገቡ በኋላ ትዝ ቢልዎ ጊዜው አልፏል።

ዳይቨርት አራት ዓይነት ነው። 21 ሁሉንም ጥሪ ያለ ልዩነት ያዞራል። 67 መስመርዎ ሲያዝ፣ 61 ሳያነሱ ሲቀሩ፣ 62 ደግሞ ስልክዎ ሲጠፋ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን ብቻ ይሠራሉ። ለደቡብ ኦሞ መንገደኛ የሚበጀው 62 ነው፤ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ስልክዎን ራስዎ ያነሳሉ፣ በሌለበት ብቻ ሌላ ሰው ያነሳልዎታል። አሠራሩ **62* ብሎ፣ ጥሪው የሚዞርበትን ቁጥር ጽፎ፣ በመጨረሻ # አስገብቶ መደወል ነው። መግባቱን በ*#62# ያረጋግጣሉ፣ በ##62# ያጠፉታል። ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው ይህን ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ ማድረግ አለበት። በኮድ መደወል የማይወድ ደግሞ በስልክ መደወያው ሴቲንግ ውስጥ ያገኘዋል፤ ቦታው ግን በቴክኖና በሳምሰንግ ስለሚለያይ ኮዱን መያዝ ይቀላል።

ሁለት ነገር ሳይታሰብ ይቀራል። የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው እርስዎ ጋ ለመደወል ነው፤ ከእርስዎ ወደ ተዞረበት ስልክ ያለው ግን ከእርስዎ ሒሳብ ይቆረጣል። ስለዚህ ካርድ ሳይሞሉ አይውጡ። ሁለተኛው ጥሪውን የሚቀበለው ሰው ነው። በእሱ ስልክ ላይ የሚወጣው የደንበኛው ቁጥር እንጂ የእርስዎ ስም አይደለም። አስቀድሞ ካልተነገረው «ማን ልበል?» ብሎ ሲጀምር ደንበኛው የተሳሳተ መስሎት ይዘጋዋል። የጉዞዎን ዋጋና ክፍት ቀኖችዎን የሚያውቅ፣ ከጂንካ የማይወጣ ሰው ይምረጡ። ሁለት አስጎብኚዎች አንዱ ወደ ሌላው አዙረው ሁለቱም መንገድ ከወጡ ጥሪው የትም አይደርስም። ቴክስት ደግሞ አይዞርም፤ የቴሌብርና የባንክ መልእክት ከእርስዎ ሲም ጋር ይቀራል፤ ደግ ነገር ነው።

ይኸው ኮድ ግን ሌባም ይጠቀምበታል። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ መስመርዎን ልናስተካክል ነው» ብሎ በ**21* ወይም በ*21* የሚጀምር ቁጥር የሚያስደውል ሰው ጥሪዎን በሙሉ ወደ ራሱ እየወሰደ ነው። ገበያ ላይ «ወንድሜ፣ ስልክህን አንዴ» ብሎ የተዋሰ ሰውም በሰከንዶች ውስጥ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ጉዳቱ ደንበኛ በማጣት ብቻ አያበቃም። ዋትስአፕ የማረጋገጫ ቁጥሩን በድምፅ ጥሪ ጭምር ስለሚናገር ጥሪዎን የያዘ ሰው አካውንትዎንም ሊወስድ ይችላል። ስልክዎ በሥራ ቀን ያለ ወትሮው ዝም ካለ፣ ወይም «ደውዬ ሌላ ሰው አነሳው» ከተባሉ *#21# ይደውሉ። የማያውቁት ቁጥር ከወጣ ##002# ሁሉንም ዳይቨርት በአንድ ጊዜ ያጠፋል። የራስዎን 62 ጭምር ስለሚያጠፋ እሱን መልሰው ያስገቡ። ኮዱ እምቢ ካለ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውል።

ብሎክን በተመለከተ አንድ ፈተና አለ። የሚያስቸግር ጥሪ የበዛበት ሰው ስልኩ ላይ የማይታወቅ ቁጥርን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ማብሪያ ሲያገኝ ይጫነዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ቢያደርገው ብዙ አይጎዳም ይሆናል። ለጂንካ አስጎብኚ ግን አዲስ ደንበኛ ማለት የማይታወቅ ቁጥር ማለት ነው፤ በ39 የሚጀምረው ከጣሊያን፣ በ49 የሚጀምረው ከጀርመን ይደውላል። በሌላ በኩል አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ የውጭ ሚስኮል አለ፤ መልሰው ሲደውሉ በውድ ዓለም አቀፍ ታሪፍ ሒሳብ የሚያስጨርስ። ሁለቱን ለመለየት መልሶ መደወል አያስፈልግም። እውነተኛ ጎብኚ ካላገኘዎት በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል ይጽፋል፤ አጭበርባሪው ብዙውን ጊዜ አይጽፍም። ስለዚህ የሚያስቸግረውን ቁጥር ብቻ ነጥለው ከጥሪ ዝርዝሩ ላይ ተጭነው በመያዝ ብሎክ ያድርጉት፣ ጅምላውን ይተዉት።

ብሎክ የተደረገ ሰው በቴሌግራምና በዋትስአፕ መግባቱን አይተውም፤ እዚያም ለየብቻው ይዘጋል። ሲሙን ወደ ሌላ ቀፎ ካዞሩም ያው ሰው እንደገና መደወል ይጀምራል። የሚደውለው የሚዝትብዎ ሰው ከሆነ ደግሞ ብሎክ ከማድረግዎ በፊት የጥሪ ዝርዝሩንና መልእክቱን ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ፤ ለፖሊስ የሚቀርበው እሱ ነው። በየቀኑ ብር እየቆረጠ መልእክት የሚልክ አጭር ቁጥርን ብሎክ ማድረግ ግን ድምፁን እንጂ ቆረጣውን አያስቆምም፤ ምዝገባውን ማሰረዝ ያስፈልጋል።

ዳይቨርትና ብሎክ የሚጋጩበት ቦታም አለ። ብሎክ የተደረገ ሰው ሲደውል ቀፎው ጥሪውን ይመልሰዋል፤ ለኔትወርኩ ይህ መስመር እንደ መያዝ ሊቆጠር ይችላል። 67ን አስገብተው ከሆነ ያ ሰው በቀጥታ ወደ ባልደረባዎ ስልክ ሊያልፍ ይችላል። እርስዎ እፎይ ብለው ሳለ እሱ ቀኑን ሙሉ ስድብ ያዳምጣል። 62 ብቻ ከሆነ ይህ አይገጥምም። የ62 ችግር ሌላ ነው፦ ከጉዞ ተመልሰው ካላጠፉት ሌሊት ባትሪዎ ሲያልቅ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ የሚቀሰቅሰው ያንኑ ባልደረባ ነው።