ሰፈር ከመምረጣችን በፊት

አገራችንን ለቀን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት እንኑር?» ነው። ላምበረት መናኸሪያ ስንወርድ ወሰን የተባለው የየካ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ደላላው ይከበንና «ርካሽ ቤት አለ» ይለናል። እኛ ግን አንቸኩል።

አንደኛ፣ ውኃ። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጎርፍ። የካ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ከዳገቱ ይወርዳል። ወንዝ ዳር ቤት አንያዝ።

ሦስተኛ፣ ኪራይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

አራተኛ፣ ቦታ መግዛት። በሕጉ መሬት አይሸጥም። ያለ ካርታና ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት «የጨረቃ ቤት» ይባላል፤ ሊፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ በሬያችንን ሸጠን ያመጣነው ገንዘብ አብሮ ይጠፋል።

ወሰን ማለት ድንበር ነው። ወሰኑን ያላወቅነውን ማሳ አናርስም፤ ሰፈርም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ ውሉን ራሳችን ሳናነብ ጣታችንን አናትም።

ጥያቄ፦
1. ስለ ውኃው ማንን እንጠይቃለን? ለምን?
2. «የጨረቃ ቤት» ምን ጉዳት አለው?